የትዳር ጓደኛን በቤት ማሸት

የትዳር ጓደኛን በቤት ማሸት ከባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ትከሻ፣ ጀርባ፣ እጅ፣ እግር ወይም ራስ በመዳበስ፣ በመጭመቅና በማፍታታት የቀን ድካምን የሚያቀልበት የቤት ውስጥ ልማድ ነው። ልዩ መሣሪያም ሆነ ሙያዊ ሥልጠና አይፈልግም። የሚያስፈልገው የሞቀ እጅ፣ ትንሽ ቅባት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜና የሁለቱም ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ልማድ ከወጌሻ ሥራ ጋር በአንድ ቃል ስለሚጠራ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ወጌሻ የተጎዳ አካልን «ለመመለስ» ይሠራል፤ የቤት ማሸት ግን ጤነኛን ነገር ግን የደከመን ሰውነት ለማሳረፍ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ከማሸት የሚመጣው ጉዳት አብዛኛው የሚነሣው ይህ ድንበር ሲጣስ፣ ማለትም በሽታ ወይም ስብራት እንደ ድካም ተቆጥሮ ሲታሽ ነው።

ስያሜ

«ማሸት» የሚለው ግስ በአማርኛ ሰፊ ነው። እሸት በመዳፍ ይታሻል፣ ልብስ በሳሙና ይታሻል፣ ሊጥ ይታሻል፣ ወገብም ይታሻል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው በእጅ እየተጫኑ ደጋግሞ መሄድ ነው። በቤት ውስጥ ሚስት ባሏን «እስቲ ትከሻዬን እሸኝ» ስትል፣ ባል ደግሞ ሚስቱን «እሺኝ» ይላል። በኦሮምኛ ለዚሁ ተግባር «ሱኩሙ» የሚለው ቃል ይውላል። በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ሁለቱም ቋንቋ በሚነገርባቸው ቤቶች ሁለቱም ቃል ይሰማል።

«ወጌሻ» ከኦሮምኛው «ኦጌሳ» ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ኦጌሳ ባለሙያ ወይም ብልሃተኛ ማለት ነው። ወጌሻ ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን ያስራል። የኢትዮጵያ የስፖርት ጋዜጠኞች የእግር ኳስ ቡድንን የሕክምና ባለሙያም እስከ ዛሬ «ወጌሻ» ይሉታል። «ማሳጅ» የሚለው የውጭ ቃል በከተሞች የተለመደው ከሆቴሎች፣ ከስፓዎችና ከመታጠቢያ ቤቶች ጋር ነው። ቃሉ በትልልቅ ከተሞች የወሲብ ንግድ ከሚካሄድባቸው ቤቶች ጋርም ስለተያያዘ በብዙ ሰው ጆሮ ጥርጣሬ ያስከትላል፤ ባለትዳሮች በቤታቸው «ማሸት» የሚለውን ቃል የሚመርጡት በከፊል በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡርቃ ጃቶ ከከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ በስሙ ውስጥ ያለው «ቡርቃ» በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። አካባቢው ደጋማና ዝናባማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ምሽቱ ይቀዘቅዛል፣ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው እግሩ ረጥቦና ትከሻው ተጨብጦ ነው።

በእነዚህ ከተሞች የሚታሸው የሰውነት ክፍል እንደ ሥራው ይለያያል። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ቀኑን ሙሉ መሪውን ጨብጦና ወደ ፊት አጎንብሶ ስለሚውል አንገቱና የትከሻው ጫፍ ይደነድናል። ውኃና እንጨት የምትሸከም ሴት የሚያማት ከትከሻዋ መካከል አንሥቶ እስከ ወገቧ ነው። እንጀራ ለመጋገርና ቡና ለማፍላት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥ ታፋንና የታችኛውን ወገብ ያደክማል። መምህራንና ነጋዴዎች ቆመው ስለሚውሉ ባታቸውና የውስጥ እግራቸው ይዝላል። የቢሮ ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ አንገቱን ይላል።

የቤት ማሸት በኢትዮጵያ ከእግር ማጠብ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ከመንገድ ወይም ከእርሻ የገባ ሰው እግሩን በሞቀ ውኃ መታጠቡ፣ አጣቢውም ባቱንና የእግሩን ጣቶች እያሸ ማጠቡ የክብር ምልክት ነበር። ለእንግዳ፣ ለአባትና ለባል ይደረግ ነበር። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዓት ይህንኑ ክብር ይገለብጠዋል፤ የሚያጥበው በማዕረግ የሚበልጠው ነውና። በቤት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መገልበጥ ብዙ አልታየም። አሻሹዋ ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ ታሻሹ ባል ነው። ከንጋት በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛው እርሷ መሆኗ ሲታሰብ ይህ የልማዱ ደካማ ጎን ነው።

ወለጋ ኑግ በብዛት ከሚመረትባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። የወለጋ ሰሊጥም በንግድ ዓለም በራሱ ስም ይታወቃል። ቅቤም በየገበያው አለ። ስለዚህ ለማሸት የሚሆን ቅባት እዚያው የሚገኝ ነገር ነው።

ማሸት በሰውነት ላይ የሚያደርገው

ቆዳ ሙቀትን፣ ሕመምንና ጫናን ከሚለዩት ነርቮች ሌላ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ለስላሳ መዳበስን ለይተው የሚቀበሉ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እነዚህ ክሮች ይበልጥ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ እንደሆነ፣ ተጠኚዎቹም ከሁሉ ደስ የሚል ያሉት ይህንኑ ፍጥነት እንደሆነ አሳይቷል። በተግባር ሲታይ ከትከሻ እስከ ወገብ ለመውረድ አሥር ሰከንድ ያህል መውሰድ ማለት ነው። ልምድ የሌለው ሰው ከዚህ በብዙ ይፈጥናል።

ቀስ ያለ ማሸት የልብ ምትን በመጠኑ ያበርዳል፣ ትንፋሽን ያረዝማል፣ ጡንቻን ያላላል፣ ለእንቅልፍም ያመቻቻል። ለወገብ ሕመም ያለው ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የኮክሬን ግምገማ 25 ጥናቶችን መርምሮ፣ ማሸት የወገብ ሕመምን ለአጭር ጊዜ ሊያስታግስ እንደሚችል፣ ማስረጃው ግን ደካማ እንደሆነና ለረጅም ጊዜ ያለው ጥቅም እንዳልተረጋገጠ ገልጿል። ማሸት «በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ አሲድ ያወጣል» የሚለው የስፖርት ቤት አባባልም መሠረት የለውም። ላክቲክ አሲድ ከሥራ በኋላ በራሱ ጊዜ፣ ያውም ቶሎ ይጠፋል። «መርዝ ያስወጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው።

በባለትዳሮች መካከል ያለው ጥቅም ከጡንቻ ይሰፋል። አሜሪካውያኑ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ሥራ፣ በግንኙነታቸው ችግር ለገጠማቸው ጥንዶች ያዘዙት የመጀመሪያ ልምምድ ተራ በተራ መዳበስ ነበር። በልምምዱ ወቅት የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማድረግ ተከልክሏል። ክልከላው ዓላማ ነበረው፤ ንክኪው ወደ ሌላ ነገር መሸጋገሪያ እንዳይሆንና ሁለቱም ያለ ፍርሃት እንዲያርፉበት ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም በዘርፉ ባለሙያዎች ይሠራበታል።

ዝግጅት

ክፍሉ መሞቅ አለበት፤ የበረደው ሰው ጡንቻውን ያጠብቃል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። በደጋ ከተሞች ክፍልን ለማሞቅ የሚቀናው ከሰል ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። በማሸት ላይ የሚመጣ ድብታ ደግሞ እንደ መዝናናት ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። ክፍሉን ከማሞቅ ይልቅ ሰውየውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚታሸውን ክፍል ብቻ መግለጥ ይሻላል። ሙቅ ውኃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ እግር ሥር ማስቀመጥም ይረዳል።

ለቅባት ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ የወይራ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይሆናል። ቅቤ ለቆዳ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሽታው አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ ከቆየም ይሻግታል። የኑግ ዘይት ቀለል ያለ ስለሆነ ለጀርባ ይመቻል። የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው በሰሊጥ ዘይት መታሸት የለበትም። አዲስ ቅባት ሲሆን አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብቶ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ጥሩ ነው። ዘይቱ የሚሞቀው ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ ተጥዶ አይደለም። የሚቀባውም መጀመሪያ በአሻሹ መዳፍ ላይ ነው። እንደ ታይገር ባልም ያሉ የሚያቃጥሉ ቅባቶች ለማዝናናት አያስፈልጉም፤ ለዓይን፣ ለቁስልና ለብልት አካባቢ ደግሞ ጎጂ ናቸው። ብዙ ያልታወቀ አንድ ነገር አለ፦ ማንኛውም ዘይት፣ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን፣ የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳል፣ ይቀዳደዳልም። ኮንዶም የሚጠቀሙ ጥንዶች ቅባቱን ከብልት ማራቅ፣ እጃቸውንም በሳሙና መታጠብ አለባቸው።

የስፖንጅ ፍራሽ ስለሚሰምጥ ጀርባን ለማሸት አያመችም። ፍራሹን መሬት ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ዘርግቶ ከላዩ ማድረግ ይሻላል። መተኛት ካልተፈለገ ቀላሉ መንገድ ታሻሹ በርጩማ ላይ፣ አሻሹ ደግሞ ከኋላው አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ነው። ይህ አቀማመጥ ለትከሻ፣ ለአንገትና ለራስ በቂ ነው፤ የአሻሹንም ወገብ ያድናል። አሻሹ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ቀለበትና ሰዓቱን ያወልቃል፣ እጁን ታጥቦ ያሞቃል። ምሽቱ ለእንቅልፍ ከታሰበ ቡናው ቀደም ብሎ ቢጠጣ መልካም ነው። ካፌን በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ ሦስተኛውን በረካ ጠጥቶ የታሸ ሰው ጡንቻው ቢላላም ዓይኑ አይከደንም።

የማሸት አካሄድ

ዓለም አቀፉ የማሸት ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግና ከደች ሐኪሙ ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር ጋር ነው። ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የአካል ማጎልመሻ ተቋም መሠረተ። ዛሬ «የስዊድን ማሳጅ» በሚባለው ውስጥ ያሉትን የእጅ እንቅስቃሴዎች የለየው ግን በይበልጥ ሜዝገር እንደሆነ ይነገራል። እንቅስቃሴዎቹ አምስት ናቸው፤ ለቤት የሚበቁት ግን ሁለቱ ናቸው፦ በመላ መዳፍ ረጅም መዳበስና ሊጥ እንደሚታሸው ጡንቻን ይዞ መጭመቅ። የቀሩት ሦስቱ፣ በጣት ጫፍ መፈተግ፣ መታ መታ ማድረግና ማንቀጥቀጥ፣ ያለ ልምድ ከተሠሩ ከማሳረፍ ይልቅ ይቀሰቅሳሉ።

ጀርባ ሲታሽ ሁለቱ መዳፎች ከወገብ ተነሥተው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በትከሻ ላይ ይዘረጋሉ፣ በጎን ቀለል ብለው ይመለሳሉ። ጫናው የሚበረታው ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ልብ አቅጣጫ፣ ሲኬድ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቅባት ማሰራጨትና ማሞቅ ብቻ ናቸው። ከዚያ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ሥጋ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ተይዞ ቀስ ብሎ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። የደነደነ ቦታ ሲገኝ እንደ ጉልቻ ሊነቅሉት መታገል የተለመደ ስሕተት ነው። መዳፍን በላዩ አሳርፎ ሁለት ሦስት ረጅም ትንፋሽ መጠበቅ ይበልጥ ያላላዋል። አከርካሪው ራሱ አይጫንም። የአንገት ፊትና ጎን አይነካም፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ትልልቅ የደም ሥሮች እዚያ ናቸውና። ከጎድን አጥንት በታች ኩላሊት ባለበት ቦታና ከጉልበት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳም ላይ ጫና አይደረግም። አንገትን ጠምዝዞ «ማንቋቋት» በፍጹም የቤት ሥራ አይደለም። በጀርባ ላይ ቆሞ መርገጥም ለልጆች ጨዋታ ሆኖ በብዙ ቤት ይታያል፤ የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል።

አሻሹ በአውራ ጣቱ ብቻ ከሠራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሱ ታማሚ ይሆናል። ኃይሉ መምጣት ያለበት ከሰውነቱ ክብደት ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ፊት ቀስ ብሎ በማዘንበል።

እግር ለመጀመር ከሁሉ የሚመች ክፍል ነው፤ ልብስ ማውለቅ አይጠይቅም፣ እንደ ጀርባም ጥንቃቄ አያበዛም። ለአሥር ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ደርቆ፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ባቱ ይዳበሳል፣ የውስጥ እግሩም በጠንካራ መዳፍ ይታሻል። ቀለል ያለ ንክኪ ስለሚኮረኩር ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝና የውኃውን ትኩሳት ላያውቅ ስለሚችል፣ ውኃውን በክርኑ የሚለካው አሻሹ ነው። ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቀይ እሳተ ገሞራማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በማሸት አይድንም። ለዚህ የሚጠቅመው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ጫማ ማድረግና በጤና ባለሙያ ምክር በፋሻ መጠቅለል ነው። እንዲህ ያለ እግር ያለውን ባል ወይም ሚስት በየማታው እግሩን ማጠብ ከየትኛውም ማሸት የበለጠ ሕክምና ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ አጣቢው የሚፈራው የለም።

የማይታሽበት ጊዜ

ትኩሳት ያለው ሰው አይታሽም። በወለጋ ቆላማ ቦታዎች፣ በተለይ በደዴሳ ሸለቆ፣ ወባ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቁርጥማትና በራስ ምታት ነው። ከቆላ ሥራ ተመልሶ «ሰውነቴን ቆራረጠኝ፣ እሺኝ» የሚል ባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። ማሸቱ ሕመሙን ለአንድ ሌሊት ሊያስታግስ ይችላል፤ አደገኛነቱም በዚሁ ነው፤ ለሕክምና የሚሆን አንድ ቀን ያባክናል።

አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ባቱ ካመመ በውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ባት ሲታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። ከወሊድ በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ከተኙ በኋላና ከረጅም የመኪና ጉዞ በኋላ ይህ ይበልጥ ይጠረጠራል።

ስብራትና ውልቃት፣ የተጠረጠረም ቢሆን፣ አይታሽም። ወለምታም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መታሸት የለበትም፤ ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ ይበቃዋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ደጋግሞ የሚታየው አሳዛኝ ጉዳይ፣ ስብራት በጥብቅ ታስሮ ደም ስለተቋረጠበት እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ መድረሱ ነው። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ልጆች ናቸው። በወጌሻ ሙያ ውስጥ ብልሃተኞች መኖራቸው አይካድም፤ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ግን ማሰሪያው ወዲያው መፈታትና ሰውየው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። በነቀምቴ የነቀምቴ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ።

የወገብ ሕመም ሲሆን የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ሽንትን መቆጣጠር አቅቷል? በጭን መካከል ድንዛዜ አለ? እግር ይከዳል? ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ነው? ከሳምንታት ጀምሮ የሌሊት ላብ፣ ክሳትና ትኩሳት አለ? የመጨረሻው የአከርካሪ ቲቢ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም፣ በመድኃኒትም ይድናል፣ አከርካሪው ከተጎዳ በኋላ ከተደረሰበት ግን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ለእነዚህ ለአንዱም መልሱ አዎን ከሆነ እጅ ይሰበሰባል፣ ሐኪም ይታያል።

እከክ፣ ጭርት፣ እባጭና ክፍት ቁስል ባለበት ቦታ አይታሽም፤ ወደ አሻሹም ሊተላለፍ ይችላል። ያበጠ የእግር ደም ሥር አይጫንም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ስለሚበልዝ፣ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያንም ስለሚሰበሩ በመዳበስ ብቻ ይታለፋሉ።

እርግዝናና አራስነት

ነፍሰ ጡር ሚስትን ማሸት ጠቃሚ ነው፤ ወገቧንና እግሯን የሚያሻት ባል ለእርሷ ትልቅ እርዳታ ነው። በሆዷ አትተኛም። ከእርግዝና አጋማሽ በኋላም በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ አትንጋለልም፤ የማኅፀኑ ክብደት ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ታዞራለች። በግራ ጎኗ ተኝታ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጋ፣ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጣና አልጋ ላይ ተደግፋ ትታሻለች። ሆድ ግን አይታሽም። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሕፃኑን «ለማስተካከል» ወይም ምጥን ለማፋጠን ሆድ በቅቤ እየተጫነ ይታሽ ነበር፤ አሁንም አልጠፋም። ይህ የእንግዴ ልጅን ከማኅፀን ሊያላቅቅ፣ ደም ሊያፈስና ማኅፀንን ሊቀድ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች የሚከለክሉትም ለዚህ ነው። በምጥ ጊዜ የታችኛውን ወገብ በመዳፍ መግፋት ግን ጉዳት የለውም፤ ብዙ ሴቶችም እንደሚያስታግሳቸው ይናገራሉ።

አራስ በቅቤ መቀባትና መታሸት የቆየ ወግ ነው፤ ማረፊያም ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀዶ ሕክምና ቁስል ቅቤ አይነካውም። አራስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ደም ሊረጋባት ስለሚችል የአንድ ባቷ ሕመምና እብጠት እንደ ድካም አይታለፍም።

ፈቃድና ተራ

ማሸት የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ የት፣ ምን ያህል ጠንከር ተብሎ፣ ለስንት ጊዜ። ታሻሹ በመሀል «ይበቃል» ሲል ያለ ማብራሪያ ይቆማል። ሕመም የጥሩ ማሸት ምልክት ነው የሚለው እምነት ከወጌሻ የተወረሰ ሲሆን ለማዝናናት አይሠራም፤ ጥርሱን የነከሰ ሰው ጡንቻውን እያጠበቀ ነው። በመታሸት መስማማት ለግብረ ሥጋ መስማማት አይደለም። ይህ በትዳር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር ነው፤ ማሸት ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር የሚያመራ ከሆነ የደከመው ወገን መታሸትንም መሸሽ ይጀምራል።

አንዳንድ ሰው መነካት ያስደነግጠዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወለጋ ገብተዋል፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢው በግጭት ውስጥ አልፏል። ጥቃት የደረሰበት ሰው ከኋላ ሲነካ፣ በሆዱ ሲተኛ ወይም መብራት ሲጠፋ ሊርበተበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ መብራቱን ሳያጠፉ፣ ከእጅ መዳፍ መጀመር ይሻላል። እዚያው ላይ ቢቆምም በቂ ነው።

ተራው ለሁለቱም እንዲደርስ የሚያደርጉ ጥንዶች ቀኑን ይከፋፈሉታል፤ ዛሬ አንዱ፣ በሌላ ምሽት ሌላው። በአንድ ምሽት መቀያየር ብዙም አይሠራም። መጀመሪያ የታሸው ይተኛልና።

ከቤት ውጭ

ከቤት ውጭ መታሸት በኢትዮጵያ ከፍል ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባው ፍልውኃ ከከተማዋ ምሥረታ በፊት ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዛሬም የመታጠቢያና የማሳጅ አገልግሎት ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ አምቦ የሞቀ የማዕድን ውኃ መዋኛ አላት። ከጉዳት ወይም ከስትሮክ በኋላ የሚያስፈልገው ማሸትና እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው ለባል ወይም ለሚስት በቤት የሚቀጥሉትን እንቅስቃሴ ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ በቤት የሚደረገው ማሸት በሐኪም ትእዛዝ የሚመራ ይሆናል።